ቁጥሩ ወርዷል፤ ኮዱ ግን ለምን ከበደ?

የጠያቂያችን ደብዳቤ

«ውድ የዓምዱ አዘጋጅ፣ ጤና ይስጥልኝ። አዲስ አበባ ውስጥ የደመወዝ ሶፍትዌር በሚያዘጋጅ አንድ ድርጅት በፕሮግራመርነት ስሠራ አራት ዓመት ሆኖኛል። የተረከብኩት ኮድ ውስጥ የተጣራ ደመወዝ የሚያሰላ አንድ ፈንክሽን፣ ማለትም አንድ ሥራ ለብቻው የሚሠራ የኮድ ክፍል፣ አለ፤ ርዝመቱ ከ300 መስመር ይበልጣል። በ2017 ዓ.ም. የሥራ ግብር ምጣኔ ሲሻሻል አዲሱን ምጣኔ በሦስት ቦታ አስገብተን አራተኛውን ስለረሳነው፣ የትርፍ ሰዓት ክፍያ ያላቸው ሠራተኞች ለአንድ ወር በአሮጌው ምጣኔ ተቆረጠባቸው። ከዚያ በኋላ አለቃዬ የኮድ ውስብስብነት የሚለካ መሣሪያ አስገባ። የእኔ ፈንክሽን 47 አወጣ፤ ‹ከ10 በታች አድርጊው› ተባልኩ። ሦስት ሳምንት ፈጅቼ በ31 ትናንሽ ፈንክሽኖች ከፋፈልኩት፤ አሁን ከ6 የሚበልጥ አንድም የለም። አለቃዬ ደስ ብሎታል። ኮዱን የገመገመው ባልደረባዬ ግን ‹የድሮው ይሻለኝ ነበር፤ ቢያንስ ከላይ ወደ ታች ይነበብ ነበር› አለኝ። መሣሪያው ዋሽቷል ወይስ ባልደረባዬ ለውጥ አይወድም? ምን ላድርግ? ከድሮውም ከአዲሱም አንዳንድ ገጽ አያይዤ ልኬልዎታለሁ።»

መልስ

ውድ እህቴ፣

ደብዳቤሽንም ያያዝሻቸውን ሁለት ገጾችም ደጋግሜ አነበብኳቸው። መሣሪያው አልዋሸም፤ ባልደረባሽም ለውጥ ጠልቶ አይመስለኝም። ሁለቱ የለኩት የተለያየ ነገር ነው። መሣሪያው በእያንዳንዱ ፈንክሽን ሆድ ውስጥ ያሉትን መንገዶች ለየብቻ ቆጥሮ ነገረሽ፤ ባልደረባሽ ደግሞ የአንድን ሠራተኛ ደመወዝ ከመነሻው እስከ መጨረሻው ለመከተል ስንት ነገር በአእምሮው መያዝ እንዳለበት ነገረሽ። የመጀመሪያው ቀንሷል፤ ሁለተኛው ጨምሯል። የሦስት ሳምንት ሥራሽ ከንቱ አልቀረም፤ ነገር ግን ገና መንገድ ላይ ነው፤ ቀሪውን መንገድ ደግሞ ቁጥሩ ብቻውን ሊመራሽ አይችልም።

መሣሪያው ያወጣልሽ ቁጥር ሳይክሎማቲክ ኮምፕሌክሲቲ ይባላል። ያቀረበው ቶማስ ማኬብ የተባለ አሜሪካዊ ሲሆን ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1976 ነው። ማኬብ ፕሮግራምን በነጥቦችና ነጥቦችን በሚያገናኙ ቀስቶች ሥሎ፣ ከቀስቶቹ ብዛት ላይ የነጥቦቹን ብዛት ቀንሶ ሁለት በመደመር የአንድን ፈንክሽን ውስብስብነት አሰላ። በተግባር ስንቆጥረው ከዚህም ይቀላል፤ ውሳኔ የሚሰጥባቸውን ቦታዎች፣ ማለትም ኢፎቹን («እንዲህ ከሆነ» የሚሉትን)፣ ሉፖቹን (የሚደጋገሙትን)፣ ብዙ መሣሪያዎች ዘንድም በአንድ ኢፍ ውስጥ የተደረደሩትን «እና»ዎችና «ወይም»ዎች ቆጥሮ በላዩ አንድ መጨመር ነው። ስለዚህ የአንቺ 47 ማለት ፈንክሽኑ 46 ቦታ ላይ ይወስናል፣ አንዱ ከሌላው የማይገኙ መንገዶቹን በሙሉ ለመፈተሽም 47 ያህል ቴስት ያስፈልጋል ማለት ነው። እስቲ ያን ጊዜ ስንት ቴስት እንደነበራችሁ መለስ ብለሽ ቁጠሪ። ያ አራተኛ ቦታ ሳይታይ ያለፈው አንዳችሁ ሰነፍ ስለሆናችሁ አይመስለኝም፤ 47 መንገድ ያለውን ነገር በዓይን ብቻ መጠበቅ ስለማይቻል ነው።

10 የሚለውን ጣሪያም ያቀረበው ራሱ ማኬብ ነው፤ ሲያቀርበውም ምክንያታዊ የሚመስል ግን ምትሃት የሌለው ቁጥር መሆኑን አብሮ ተናግሯል። የአሜሪካ ብሔራዊ የደረጃዎችና ቴክኖሎጂ ተቋም እ.ኤ.አ. በ1996 ያሳተመው መመሪያ፣ ማኬብ ራሱ አብሮ ያዘጋጀው፣ 10ን እንደ መነሻ ደግፎ እስከ 15 ሄደው የተሳካላቸው ድርጅቶች መኖራቸውንም ይጠቅሳል። ለጃቫስክሪፕት ኮድ መመርመሪያ የሚያገለግለው ኢኤስሊንት ካልቀየርሽው በስተቀር ጣሪያው 20 ነው። ይህን የምነግርሽ ከአለቃሽ ጋር እንድትከራከሪበት አይደለም። ጣሪያው ሰዎች ተስማምተው የሚያስቀምጡት ምልክት መሆኑን እንድታውቂ ነው፤ ከ10 ወደ 9 የወረደ ኮድ ደጃፍ ተሻግሮ ሌላ ዓለም ውስጥ አልገባም።

ይህ ቁጥር የማያያቸው ነገሮች አሉ። ስም አያይም፤ ቫሪያብሉን «ያልተጣራ ደመወዝ» ብትዪውም «ኤክስ ቱ» ብትዪውም ለእሱ አንድ ነው። ጥልቀትም አያይም፤ ለአንባቢ ከሁሉ የሚከብደው ደግሞ ጥልቀት ነው። ሠራተኛው በሥራ ላይ ነው ወይ፣ ውሉ ጸንቷል ወይ፣ በወሩ ውስጥ ተገኝቷል ወይ የሚሉ ሦስት ጥያቄዎች አሉ እንበል። ሦስቱን አንዱን በሌላው ሆድ ውስጥ አስገብተሽ ብትጽፊያቸው ውጤቱ 4 ነው። ሦስቱን እየገለበጥሽ «በሥራ ላይ ካልሆነ ዜሮ መልስ፤ ውሉ ካልጸና ዜሮ መልስ፤ ካልተገኘ ዜሮ መልስ» ብለሽ በተከታታይ ብትደረድሪያቸውም ውጤቱ ያው 4 ነው። ለአንባቢው ግን ልዩነቱ የሰማይና የምድር ያህል ነው። በመጀመሪያው፣ ዋናው ስሌት ጋ የደረሰ ሰው ሦስት ሁኔታዎችን በጭንቅላቱ ተሸክሞ ነው የሚያነበው፤ ታች ደርሶም እያንዳንዱ ኤልስ («ካልሆነ» የሚለው) የየትኛው ኢፍ እንደሆነ ለማወቅ በጣቱ ወደ ላይ ይቆጥራል። በሁለተኛው ግን ሦስቱን ደጆች አልፎ ረስቷቸዋል፤ ከዚያ በታች ያለው ሁሉ ደመወዝ ስለሚገባው ሰው ብቻ ነው።

ይህን ጉድለት ለመሙላት ሶናርሶርስ የተባለው ኩባንያ ኮግኒቲቭ ኮምፕሌክሲቲ የሚባል ሌላ መለኪያ አውጥቷል። እሱ ጥልቀትን ያስከፍላል፤ የላይኛው ኢፍ 1፣ በውስጡ ያለው 2፣ ከዚያም ውስጥ ያለው 3 እያለ ይደምራል። ከላይ ያነሣሁት ምሳሌ በዚህ መለኪያ አንዱ በሌላው ውስጥ ሲሆን ኤልሶቹን ሳይጨምር 6፣ በተከታታይ ሲሆን 3 ነው። የሶናር መሣሪያ ለአንድ ፈንክሽን አስቀድሞ ያስቀመጠው ጣሪያ 15 ነው። መሣሪያችሁ ሁለቱንም የሚሰጥ ከሆነ ሁለቱን ጎን ለጎን አስወጪያቸው፤ የማኬብ ቁጥር ስንት ቴስት እንደሚያስፈልግሽ ይነግርሻል፤ የኮግኒቲቩ ቁጥር ደግሞ አንባቢ የት እንደሚደክም ይጠቁምሻል።

አሁን ወደ 31ዱ እንምጣ። አንድ ቀላል ድምር አብረን እንሥራ። የድሮው ፈንክሽን 46 ውሳኔ ነበረው። አንዱንም ውሳኔ ሳትሰርዢ በ31 ፈንክሽኖች ካከፋፈልሽው፣ እያንዳንዱ ፈንክሽን የራሱን አንድ ስለሚጨምር የሁሉም ድምር 46 ሲደመር 31፣ ማለትም 77 ይሆናል። ውስብስብነቱ አልጠፋም፤ መሣሪያው ለየብቻ ስለሚመዝን በትናንሽ ከረጢቶች ተሞልቶ አለፈ እንጂ። ባልደረባሽ ያየው ይህንኑ ነው። በድሮው ኮድ ውስጥ ውሉ የጠፋበት ልቃቂት ቢሆንም ልቃቂቱ አንድ ቦታ ነበር፤ አሁን ክሩ በ31 ክፍል ውስጥ ያልፋል፤ አንባቢውም ከክፍል ክፍል እየሮጠ «ቅድም ምን ይዤ ነበር?» ይላል።

መከፋፈል በራሱ ስሕተት ነው ማለቴ እንዳልሆነ ትረጂኛለሽ ብዬ አምናለሁ። ስሕተቱ የት ላይ እንደተቆረጠ ነው። በላክሽው ገጽ ላይ «ፕሮሰስ ስቴፕ ፎር» (አራተኛውን ደረጃ ሥራ) የሚል ፈንክሽን አለ፤ «ሃንድል ኦቨርታይም ኤንድ ታክስ» (ትርፍ ሰዓትና ግብር ሥራ) የሚልም አለ፤ ሁለተኛው ዘጠኝ ነገሮችን ይቀበላል፤ ከዘጠኙ ሦስቱ እውነት ወይም ሐሰት የሚሉ ምልክቶች ናቸው። የመጀመሪያው ስም ምንም አይነግረኝም፤ ከፍቼ ማንበብ አለብኝ፤ ከፍቼ ማንበብ ካለብኝ ደግሞ ለብቻው መቀመጡ አንድ ዝላይ ጨመረብኝ እንጂ አልጠቀመኝም። ሁለተኛው ስሙ ውስጥ «ኤንድ»፣ ማለትም «እና»፣ አለ፤ ሁለት ሥራ እየሠራ መሆኑን ራሱ እየመሰከረ ነው። ሦስቱ ምልክቶችም ውሳኔው ከውስጥ ወደ ጠሪው ተገፋ እንጂ እንዳልቀረ ያሳያሉ። እኔ የምጠቀምበት መመዘኛ ይህ ነው፦ አንባቢው ስሙን አንብቦ፣ ውስጡን ሳይከፍት፣ አምኖት ማለፍ ይችላል ወይ? «የጡረታ መዋጮ አስላ» የሚልና መሠረታዊ ደመወዝ ብቻ ተቀብሎ 7 በመቶውን የሚመልስ ፈንክሽን ይታመናል። ማንም አይከፍተውም። እንደዚህ የሚታመኑትን ከ31ዱ መካከል ለይተሽ አስቀሪያቸው፤ የማይታመኑትን ደግሞ ሳታዝኚ ወደነበሩበት መልሰሽ ደባልቂያቸውና ሌላ መቁረጫ ፈልጊላቸው። ቁጥሩ ለጊዜው ወደ ላይ ይወጣል፤ ይውጣ።

ሌላውን መቁረጫ የት ታገኚዋለሽ? እዚህ ላይ ፍሬድ ብሩክስ እ.ኤ.አ. በ1986 ያስቀመጠው ልዩነት ይጠቅምሻል። አንደኛው ውስብስብነት ከጉዳዩ ከራሱ የሚመጣ ነው፤ ሕጉ ስድስት እርከን ካለው ስድስት እርከን አለው፤ ፕሮግራመር ሊሰርዘው አይችልም። ሁለተኛው እኛ ስንጽፍ ያመጣነው ነው። ከዓመታት በፊት በአንድ መሥሪያ ቤት የኢትዮጵያን ዘመን አቆጣጠር የሚያሰላ ኮድ ተረክቤ ነበር። ወሩ ስንት ቀን እንዳለው የሚመልሰው ፈንክሽን ከመስከረም እስከ ጳጉሜን አሥራ ሦስቱንም ወር አንድ በአንድ ይዘረዝራል፤ አሥራ ሁለት ጊዜ 30 እያለ ይመልሳል፤ ጳጉሜን ላይ ሲደርስ ዘመኑን ይጠይቃል። መሣሪያው 15 ሰጠው። የዘመን አቆጣጠሩ ግን እንዲህ ውስብስብ አይደለም፤ ጳጉሜን ካልሆነ 30፣ ዓመቱ ለአራት ሲካፈል ቀሪው ሦስት ከሆነ፣ እንደ 2015 ዓ.ም. ማለት ነው፣ 6፣ ካልሆነ 5። ይህን ብቻ ስጽፍ ቁጥሩ 3 ሆነ። እዚያ ጋ ምንም አልከፋፈልኩም፤ የእኛ የነበረውን ትቼ የጉዳዩን ብቻ አስቀረሁ።

የአንቺም ትልቁ ትርፍ ያለው እዚሁ ላይ ይመስለኛል። ግብሩን እንውሰድ። በ2017 ዓ.ም. የተሻሻለው ምጣኔ በሠንጠረዥ ሲቀመጥ እንዲህ ነው፦ እስከ 2,000 ብር ነፃ፤ እስከ 4,000 ብር 15 በመቶ፣ ተቀናሹ 300፤ እስከ 7,000 ብር 20 በመቶ፣ ተቀናሹ 500፤ እስከ 10,000 ብር 25 በመቶ፣ ተቀናሹ 850፤ እስከ 14,000 ብር 30 በመቶ፣ ተቀናሹ 1,350፤ ከዚያ በላይ 35 በመቶ፣ ተቀናሹ 2,050። በኮድሽ ውስጥ ይህ በኢፍና ኤልስ ሰንሰለት አራት ቦታ ተጽፏል። አንዴ ብቻ ቢጻፍ ሰንሰለቱ በራሱ 6 ነው፤ ከአለቃሽ ጣሪያ በታች ነው፤ መሣሪያው አይነካውም። ስሕተት ያመጣባችሁ ግን ይኸው ነው። ደመወዙና የትርፍ ሰዓቱ ተደምሮ 12,000 ብር የሚሆን ሠራተኛ በአዲሱ ምጣኔ የሚከፍለው ግብር 3,600 ሲቀነስ 1,350፣ ማለትም 2,250 ብር ነው፤ በተረሳው አራተኛ ቦታ በአሮጌው ምጣኔ 35 በመቶ ተሰልቶ 1,500 ሲቀነስ ግን 2,700 ብር ይመጣል። የአንድ ሰው 450 ብር በአንድ ወር ያለ አግባብ ተቆርጧል ማለት ነው፤ ይህ ለአንድ ቤተሰብ ቀላል ገንዘብ አይደለም፤ ስለ ኮድ ተነባቢነት አጥብቄ የምናገረውም በዚህ ምክንያት ነው።

ስለዚህ እርከኖቹን ከኢፍ አውጥተሽ ጣሪያ፣ ምጣኔ፣ ተቀናሽ የሚሉ ሦስት ዓምዶች ባሉት ሠንጠረዥ አንድ ቦታ አስቀምጪያቸው። ፈንክሽኑ ከላይ ጀምሮ ገቢው ከጣሪያው የማይበልጥበትን የመጀመሪያ ረድፍ ይፈልጋል፤ በምጣኔው ያባዛል፤ ተቀናሹን ይቀንሳል። አንድ ሉፕና አንድ ኢፍ፤ ቁጥሩ 3። ከቁጥሩ ይልቅ ግን ደስ ሊልሽ የሚገባው ሠንጠረዡን ፕሮግራመር ያልሆነች የሒሳብ ባለሙያ እንኳ ከአዋጁ ጋር አስተያይታ ልታርመው መቻሏ ነው። ሁለት ነገሮች እንዳትረሺ። አንደኛ፣ በላክሽው ገጽ ላይ «ከ2,001 እስከ 4,000» ተብሎ ሁለቱም ጫፎች ተጽፈዋል፤ ሳንቲም ያለው ገቢ፣ ለምሳሌ 2,000 ብር ከ50 ሳንቲም፣ ከየትኛውም እርከን ሳይገባ ያልፋል። ጣሪያ ብቻ ሲጻፍ ይህ ቀዳዳ አይኖርም። ሁለተኛ፣ ሠንጠረዡ ከመቼ ጀምሮ እንደሚሠራ አብሮ ይጻፍ፤ ያለፈ ወር ደመወዝ ዘግይቶ ሲከፈል በዚያ ወር ሕግ መሰላት ይኖርበታልና የድሮው ሰባት እርከን ተሰርዞ መጥፋት የለበትም። ይህ የጉዳዩ የራሱ ውስብስብነት ነው፤ ቦታ ይገባዋል።

የትርፍ ሰዓቱ ደግሞ የጥልቀት ምሳሌ ነው። አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በሥራ ቀን ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ለተሠራ ትርፍ ሰዓት የመደበኛውን አንድ ተኩል፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት 1.75፣ በሳምንት የዕረፍት ቀን ሁለት እጥፍ፣ በሕዝብ በዓል ቀን ሁለት ተኩል እጥፍ እንዲከፈል ያዛል። የድሮው ኮድ መጀመሪያ «ሌሊት ነው ወይ?» ይላል፤ በሁለቱም ቅርንጫፍ ውስጥ «የዕረፍት ቀን ነው ወይ?» ይላል፤ በአራቱም ውስጥ «በዓል ነው ወይ?» ይላል። ሰባት ውሳኔ፣ በማኬብ 8፣ በኮግኒቲቭ ኤልሶቹን ጨምሮ 24። የበዓሉ 2.5 አራት ቦታ ተጽፏል። አንቺ ይህን የቀንና የሌሊት ብለሽ በሁለት ፈንክሽን ከፈልሽው፤ እያንዳንዱ 4 ሆነ፤ መሣሪያው ተደሰተ። 2.5 ግን አሁንም አራት ቦታ ነው። ነገ ሕጉ ቢቀየር አራተኛውን ቦታ የሚረሳ ሰው ይገኛል፤ ያውም አሁን በሁለት ፋይል ውስጥ ሆኖበት። ይህ ከድጡ ወደ ማጡ ነው፤ ቁጥሩ ግን መሻሻል ብሎ ይመዘግበዋል።

የጥያቄዎቹን ቅደም ተከተል ግን አስተካክዪው። መጀመሪያ «በዓል ነው?» በዪ፤ ከሆነ 2.5 መልሺ። ቀጥሎ «የዕረፍት ቀን ነው?»፤ ከሆነ 2። ቀጥሎ «ሌሊት ነው?»፤ ከሆነ 1.75። ከዚያ 1.5። አራት መስመር፤ እያንዳንዱ ቁጥር አንድ ጊዜ ብቻ፤ በማኬብ 4፣ በኮግኒቲቭ 3። የአዋጁን አንቀጽ የሚያውቅ ሰው ሲያነበው አንቀጹን ያነበበ ይመስለዋል። በአንድ ፈንክሽን ተጠቃሏል፤ መከፋፈል አላስፈለገም። እግረ መንገዴን፣ የሰዓት ወሰኖቹን ስትጽፊ 12 እና 4 የሚሉትን በፈረንጅ ሰዓት ወደ 6 እና 22 የምትለውጪበት ቦታ አንድ ብቻ ይሁን፤ በየኢፉ ውስጥ እየተለወጠ ሲጻፍ በእኛ አገር ሶፍትዌር ውስጥ ስንት ጊዜ ስድስት ሰዓት እንደተዛነፈ ያየሁ ሰው ነኝ።

ይህን ሁሉ ከመንካትሽ በፊት ግን አንድ ሥራ አለ፤ ካላደረግሽው ከዚህ በላይ ያልኩትን ሁሉ ብትተዪው ይሻላል። ያለፉትን ሦስትና አራት ወራት የደመወዝ መረጃ፣ የሠራተኞቹን ስምና መለያ አጥፍተሽ፣ በድሮው ኮድ አሳልፊውና ውጤቱን እስከ ሳንቲሙ አስቀምጪ። በየወሰኑ ላይ የሚወድቁ ገቢዎችን፣ 2,000ን፣ 2,000 ከ1 ሳንቲምን፣ 14,000ን፣ እየጨመርሽ። ከዚያ አንድ ነገር በለወጥሽ ቁጥር ሁሉንም መልሰሽ አሳልፊና አስተያዪ። ልዩነት ከመጣ ወይ አንቺ አበላሽተሻል፣ ወይ የድሮው ተሳስቶ ነበር። የድሮው ስሕተት ሆኖ ከተገኘ እዚያው አብረሽ አታርሚው፤ ለብቻው መዝግቢው፣ ለሒሳብ ክፍል አሳውቂ፣ በሌላ ኮሚት፣ ማለትም ለብቻው በተመዘገበ ለውጥ፣ አርሚው። ቅርጽ ማስተካከልና ውጤት መቀየር በአንድ ኮሚት ውስጥ ሲገቡ፣ ገምጋሚው የትኛው የትኛው እንደሆነ ለይቶ ማየት አይችልም፤ ባልደረባሽ የተማረረበት አንዱ ምክንያት ይህም ሊሆን ይችላል።

ከአለቃሽ ጋር ስትነጋገሪ ደንቡን አትንቀፊ። ሰውየው ስሕተት ደርሶበት መፍትሔ ሲፈልግ አንድ የሚያዝ ነገር አገኘ፤ ቁጥሩም እውነተኛ ነገር አሳይቶታል፤ 47 በእርግጥ በሽታ ነበር። የምትጠይቂው ሁለት ማሻሻያ ብቻ ይሁን። አንደኛው፣ «ሁሉም ከ10 በታች» ከማለት ይልቅ «የተነካ ፈንክሽን ከነበረበት አይብስ» ይባል፤ አዲስ የሚጻፈው 10ን ይጠብቅ፣ አሮጌው ግን በተነካ ቁጥር እየቀነሰ ይሂድ። ሁለተኛው፣ ጉልበታችሁ የት ይዋል የሚለው በቁጥሩ ብቻ አይወሰን። የኮዱ ለውጦች ከሚመዘገቡበት ከጊት ሎግ የትኛው ፋይል ባለፈው ዓመት ስንት ጊዜ እንደተለወጠ ማውጣት የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው። ውስብስብነቱ 25 ሆኖ ለሦስት ዓመት ማንም ያልነካውና በትክክል የሚሠራ ፈንክሽን ካለ ተዪው፤ 12 ሆኖ በየሁለት ሳምንቱ የሚነካው ነው ጊዜሽን የሚፈልገው። እንዲሁም አንድን ጉዳይ በግልጽ የሚዘረዝር፣ ጥልቀት የሌለው ረዥም ዝርዝር በማኬብ ቁጥር ከ10 ቢያልፍ፣ ምክንያቱን በአንድ መስመር ጽፎ ማለፍ እንዲፈቀድ ጠይቂ። ያለዚያ ሰዎች መሣሪያውን ለማለፍ ብቻ መቁረጥ ይለምዳሉ፤ «ስቴፕ ፎር» እና «ስቴፕ ፋይቭ» የሚወለዱትም ከዚህ ነው። አንቺ ያደረግሽው በክፋት አልነበረም፤ የተጠየቅሽው ቁጥር ነበርና ቁጥር ሰጠሽ።

ባልደረባሽን በተመለከተ፣ ከእሱ የተሻለ መለኪያ ስለማታገኚ አትራቂው። ግብሩንና ትርፍ ሰዓቱን አስተካክለሽ ስትጨርሺ አጠገቡ ተቀመጪና ሦስት ጥያቄ ስጪው፦ ነገ አንድ የግብር እርከን ቢጨመር የት ይነካል? በወሩ አጋማሽ የተቀጠረ ሰው ደመወዝ የት ጋ ይካፈላል? የበዓል ቀን ሌሊት የሠራ ሰው ስንት እጥፍ ያገኛል? ኮዱን ድምፁን ከፍ አድርጎ እያነበበ መልሱን ይፈልግ፤ አንቺ ዝም በዪ። ዝም ማለቱ ይከብድሻል፤ «እሱ እንኳ እዚያ ጋ ነው» ማለት ያምርሻል፤ አትናገሪ፤ ኮዱ አንቺ በሌለሽበት ነውና የሚነበበው። ወረቀት ይዘሽ የቆመበትን፣ ወደ ኋላ የተመለሰበትን፣ ፋይል የቀየረበትን ቦታ ሁሉ ምልክት አድርጊ። ከዚያ ምልክቶቹን መሣሪያው ካወጣው ቁጥር ጋር አስተያዪ። ሁለቱ የተገናኙበት ቦታ ቀጣዩ ሥራሽ ነው። ቁጥሩ ዝቅተኛ ሆኖ እሱ ግን የቆመበት ቦታ ካለ፣ ብዙውን ጊዜ ችግሩ ስም ነው፤ ሁለታችሁም እዚያው ተቀምጣችሁ ልትቀይሩት ትችላላችሁ። ቁጥሩ ከፍ ብሎ እሱ ግን ሳይቆም ያለፈበት ካለ፣ ለአለቃሽ የምታሳዪው ምሳሌ እሱ ነው፤ የባልደረባሽን ስም ጨምረሽ አሳዪው።

በወሩ አጋማሽ ስለተቀጠረው ሠራተኛ የጠየቅኩት በከንቱ አይደለም። በላክሽው ገጽ ላይ አንዱ ፈንክሽን ወሩን በ30 ሲያካፍል ሌላው በ26 ያካፍላል። ሁለቱም ለየራሳቸው ምክንያት ይኖራቸው ይሆናል፤ በ300 መስመር ውስጥ ተራርቀው ሳሉ ማንም አላያቸውም ነበር፤ አሁን ለየብቻ ስላወጣሻቸው ጎን ለጎን ታዩኝ። ለሒሳብ ክፍላችሁ ነገ ጠዋት ይህን ጠይቂያቸው።